«ውሃው በጳጉሜን የት ሄደ?»
ስለ ግራፍ ግልጽነት በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ገረሴ ከአርባ ምንጭ በስተምዕራብ በጋሞ ደጋ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች ዳር ተነሥቶ ወደዚያ የሚወጣ መንገደኛ ሙዝ ከሚበቅልበት ቆላ እንሰትና ገብስ ወደሚበቅልበት ደጋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ይሸጋገራል። ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ ነገር ያጋጠመኝ በዚያው አካባቢ፣ ለምንጭ ማጎልበት ሥራ ከነዋሪዎች ጋር ስንመካከር ነው።

ስለ ምንጩ የአንድ ዓመት ልኬት ነበረኝ። በየወሩ ከምንጩ የወጣውን የውሃ መጠን ደምሬ፣ ለእያንዳንዱ ወር አንድ ዓምድ ሰጥቼ፣ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ዓምዶች ያሉት ግራፍ በሰፊ ወረቀት ላይ ሠርቼ ከግድግዳ ሰቀልሁ። ገለጻዬንም በተማርሁት ሥርዓት አደረግሁ። ተሰብሳቢው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠኝ። ገለጻዬ ሲያበቃ በከዘራቸው ተደግፈው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ሲመለከቱ የቆዩ አንድ አዛውንት በጋሞኛ ጥያቄ አቀረቡ። አስተርጓሚው ፈገግ እያለ እንዲህ ሲል ተረጐመልኝ፦ «ልጄ፣ ይህ ምንጭ ከማስቃላ በዓል በፊት ጠግቦ ነው የሚፈሰው። በጳጉሜን ውሃው የት ሄደ?»

አንዳንዶች ሣቁ። እኔም ለአፍታ ያህል ሣቅ ቃጥቶኝ ነበር። ነገር ግን ወደ ወረቀቱ ዞር ብዬ ስመለከት ሣቄ ደረቀ። የመጨረሻው ዓምድ ከጎረቤቱ ከነሐሴ ዓምድ አንድ ስድስተኛውን ያህል ብቻ ነበር። ምንጩ በቀን 60 ሜትር ኩብ ይሰጣል ብንል፣ በ30 ቀን 1,800 ሜትር ኩብ፣ በ5 ቀን ደግሞ 300 ሜትር ኩብ ይሆናል። ስሌቱ ትክክል ነው። ጳጉሜን አምስት ቀን መሆኗን እኔም አውቃለሁ፤ አዛውንቱም ያውቃሉ። ወረቀቱ ግን አያውቅም። ወረቀቱ የሚናገረው «ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ምንጩ ደረቀ» ብሎ ነው። አዛውንቱ ግራፉን አልሳቱም፤ እንዲያውም ከተሰብሳቢው ሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ ያነበቡት እርሳቸው ነበሩ። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ያሳሰበኝ የእርሳቸው ጥያቄ ሳይሆን የሌሎቹ ዝምታ ነው። ራሳቸውን የነቀነቁት ሰዎች ምን አንብበው ነበር? እኛ መሐንዲሶች ድልድይ ስንሠራ ጭነቱን፣ ቧንቧ ስንዘረጋ ግፊቱን እንፈትሻለን። የምንሰቅለው ግራፍ በተመልካቹ አእምሮ ውስጥ ምን ትርጉም እንደሚሰጥ የምንፈትሽ ግን ምን ያህል ነን? ግራፍ የመለኪያ መሣሪያ ነው፤ መለኪያውን የሚያነበው የተመልካቹ ዐይን ነው። እንደማንኛውም መሣሪያም የራሱ የሆነ ስሕተት አለው።

(ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመተ ምሕረቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ቁጥርን በሥዕል መግለጽ ከእኛ ሙያ የተወለደ ጥበብ ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1786 የንግድን ገቢና ወጪ በመስመርና በባር ግራፍ አሳይቶ መጽሐፍ ያሳተመው ስኮትላንዳዊው ዊልያም ፕሌይፌር፣ ቀደም ሲል የእንፋሎት ሞተርን ባሻሻለው በጄምስ ዋት ሥር ንድፍ አንሺ ሆኖ ሠርቷል። ክቡን ግራፍ፣ ዛሬ ፓይ ቻርት የምንለውን፣ በ1801 ያቀረበውም እርሱ ነው። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዘመን የግራፍ አሠራር በልማድና በጣዕም ሲመራ ኖረ። አንዱ ክብ ይመርጣል፤ ሌላው ዓምድ ይመርጣል፤ ለምን እንደመረጠ ቢጠየቅ «ያምራል» ከማለት በቀር መልስ አልነበረውም።

ይህን ልማድ ከመሠረቱ የመረመሩ ሰዎች የመጡት ዘግይተው ነው። ፈረንሳዊው የካርታ ባለሙያ ዣክ ቤርታን በ1967 ባሳተመው መጽሐፉ፣ አንድን መረጃ በወረቀት ላይ ለማሳየት ያሉን መንገዶች ማለትም አቀማመጥ፣ መጠን፣ ቀለም፣ ቅርጽና የመሳሰሉት እያንዳንዳቸው ለምን ዓይነት መረጃ እንደሚስማሙ መድቦ አሳየ። በ1984 ደግሞ በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዊልያም ክሊቭላንድና ሮበርት ማጊል ጉዳዩን ወደ ሙከራ አመጡት። ለሰዎች ልዩ ልዩ ግራፎችን እያሳዩ «ይህኛው ከዚያኛው ስንት እጅ ነው?» ብለው በመጠየቅ፣ የመልሶቹን ስሕተት ለኩ። ውጤቱም ግልጽ ደረጃ ያለው ሆኖ ተገኘ። ዐይን በጋራ መለኪያ ላይ የተቀመጡ ነጥቦችን ሲያነጻጽር ከሁሉ ይበልጥ ትክክል ነው፤ ከዚያ ርዝመት ይከተላል፤ ከዚያ ማዕዘን፤ ከዚያ ስፋት፤ የቀለም ድምቀትና ድንግዝግዝታ ግን ከመጨረሻዎቹ ናቸው። በ2010 ጄፍሪ ሂርና ማይክል ቦስቶክ ሙከራውን በኢንተርኔት አማካይነት በብዙ ሰዎች ላይ ደግመውት ተቀራራቢ ውጤት አግኝተዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝ የአንድ የዶክትሬት ተማሪ ጥናት ነው። በ1986 ጆክ ማኪንሌይ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬት ማዕረጉ ያነሣው ጥያቄ፣ ኮምፒዩተር መረጃ ብቻ ተሰጥቶት ተገቢውን ግራፍ ራሱ መርጦ ሊነድፍ ይችላልን? የሚል ነበር። ማሽን «ያምራል» የሚባለውን ነገር አያውቅም። ስለዚህ ተመራማሪው የቤርታንን ምደባና የክሊቭላንድን ሙከራ ይዞ፣ ሰው በጣዕም የሚሠራውን ወደ ደንብ መለወጥ ግድ ሆነበት። ካወጣቸው መመዘኛዎች ሁለቱን በአማርኛ እንዲህ ልግለጻቸው። አንደኛው፣ ግራፉ በመረጃው ውስጥ ያለውን ሁሉ ይናገር፤ የሌለውንም አይናገር። ሁለተኛው፣ ዐይን በቀላሉና በትክክል ሊያነበው በሚችለው መንገድ ይናገር። በዚህም መሠረት ለመጠን የሚበጀው ለዓይነት እንደማይበጅ በዝርዝር አሳየ። ለምሳሌ ቀለም፣ ይህ የጉድጓድ ውሃ ነው ያኛው የምንጭ ውሃ ነው ብሎ ለመለየት እጅግ ጥሩ ነው፤ የትኛው በስንት እጅ እንደሚበልጥ ለማሳየት ግን ደካማ ነው። አቀማመጥ ብቻ ለሁሉም ከፊተኛው ረድፍ አይወርድም። ይህ የተማሪ ሥራ ኋላ ታብሎ በተባለው የታወቀ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ውስጥ፣ ማኪንሌይ ራሱ በተካፈለበት ሥራ፣ በ2007 ግራፍ መራጭ ሆኖ ገብቷል።

እንግዲህ የእኔ 13 ዓምዶች የወደቁት በመጀመሪያው መመዘኛ ነው። በመረጃው ውስጥ የሌለ ድርቅ ተናግረዋልና። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የወሩን ድምር ትቶ የቀኑን አማካይ ማሳየት። ይህን ሳስብ የጳጉሜን ነገር ከአንድ ምንጭ የሰፋ መሆኑን ተገነዘብሁ። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ቀን ተጀምሮ ሰኔ 30 ቀን ያበቃል። ስለሆነም የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ጳጉሜንን ስለሚጨምር 95 ቀን፣ በየአራት ዓመቱ ደግሞ 96 ቀን ሲኖረው፣ የቀሩት ሦስቱ 90 ቀን አላቸው። ምንም ያልተለወጠ ሥራ በሪፖርት ግራፍ ላይ በመጀመሪያው ሩብ ዓመት ከመቶ አምስት ያህል ከፍ ብሎ ይታያል፤ በሁለተኛውም «ቀነሰ» ይባላል። ስለዚህ ቅናሽ ማብራሪያ ተጽፎ ያየ ሰው በመካከላችን የሚጠፋ አይመስለኝም። እኔም አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ።

የዓመቱ መነሻም እንዲሁ ነው። የጋሞ ዝናብ ሁለት ጉብታ አለው፤ ትልቁ በሚያዝያና በግንቦት አካባቢ፣ ሁለተኛው በክረምቱ መውጫ አካባቢ ይመጣል። ግራፉን በመስከረም ብንጀምር ሁለተኛው ጉብታ በወረቀቱ ግራና ቀኝ ጫፍ ተከፍሎ ይታያል። በሩብ ዓመት ብናማክለው ደግሞ ጉብታዎቹ ይለዝባሉ። ከደረቁ ወር፣ ከጥር ወይም ከየካቲት ብንጀምር ግን ሁለቱም በሙሉ ቁመናቸው ይታያሉ። የበጀት ዓመት ለገንዘብ የተበጀ ነው፤ ውሃ በእርሱ የመመራት ግዴታ የለበትም።

ስለ መነሻ ካነሣሁ ስለ ዜሮ ጥቂት ልበል፤ በዚህ ላይ በባልደረቦች መካከል ክርክር እሰማለሁና። «ግራፍ ሁልጊዜ ከዜሮ ይጀምር» የሚሉ አሉ። በዓምድ ከሆነ እስማማለሁ፤ ዓምድ የሚነበበው በርዝመቱ ስለሆነ ከሥሩ የተቆረጠ ዓምድ ሐሰተኛ ነው። መስመር ግን የሚነበበው በአቀማመጡ ነው። አባያና ጫሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኙ ሐይቆች ናቸው። የውሃቸውን ከፍታ መለዋወጥ ከዜሮ በሚነሣ ግራፍ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ለ100 ሜትር በሆነ ስኬል ብናሳይ፣ አንድ ሙሉ ሜትር የውሃ መነሣት በወረቀቱ ላይ አንድ ዐሥረኛ ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህም ከብዕራችን ጫፍ ይቀጥናል። በዳርቻው ላይ ያለው እርሻ በውሃ ቢዋጥም በግራፉ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አይኖርም። ደንብ ያለ ምክንያቱ ሲያዝ እንዲህ ያደርጋል።

ስለ ጀሪካንም እንዲሁ። ለሕዝብ በሚቀርቡ ፖስተሮች ላይ «አቅርቦቱ በእጥፍ አደገ» ለማለት ትንሽ ጀሪካን አጠገብ በቁመትም በወርድም እጥፍ የሆነ ትልቅ ጀሪካን ይሣላል። በወረቀቱ ላይ የያዘው ስፋት ግን አራት እጥፍ ነው፤ ተመልካቹ ዕቃው ውፍረት እንዳለው ካሰበ ደግሞ ስምንት እጥፍ። እኩል መጠን ያላቸውን ጀሪካኖች ደርድሮ መቁጠር ይበልጥ ሐቀኛ ነው፤ ውሃ የሚቀዳ ሰውም የሚቆጥረው እንዲያ ነው።

አሁን የማቀርብላችሁ ነገር ለመናገር የሚከብደኝ ነው። ስሟን በማልጠቅሳት ሌላ ትንሽ ከተማ ለውሃ አገልግሎት ማስፋፊያ የአቅርቦትንና የፍላጎትን ግራፍ አዘጋጅቼ ነበር። አቅርቦቱን በግራው ዘንግ በሊትር በሰከንድ፣ ፍላጎቱን በቀኙ ዘንግ በሜትር ኩብ በቀን አሳየሁ። የሁለቱን ዘንጎች ስኬል የመረጠው ኮምፒዩተሩ ነው። በወረቀቱ ላይ የአቅርቦቱ መስመር ዓመቱን ሙሉ ከፍላጎቱ መስመር በላይ ይሄዳል። ጉባኤው ይህን ተመልክቶ ደስ አለው፤ ከላይ ለሚገኘው አዲስ ሰፈር መስመር እንዲዘረጋም ተስማማ። በሰከንድ 1 ሊትር ማለት በቀን 86.4 ሜትር ኩብ መሆኑን የማያውቅ መሐንዲስ የለም። ሁለቱን በአንድ መለኪያ ላይ ባስቀምጣቸው ኖሮ በጥርና በየካቲት መስመሮቹ ሲቋረጡ፣ አቅርቦቱም ከፍላጎቱ በታች ሲወርድ በታየ ነበር። ከግራፉ ጋር ባያያዝሁት ሠንጠረዥ ውስጥ ቁጥሮቹ ሁሉ ትክክል ነበሩ። ነገር ግን ሠንጠረዡን ማንም አላነበበም። በሚቀጥለው የካቲት የላይኛው ሰፈር ቦኖዎች ደረቁ፤ ልጃገረዶችም ጀሪካን ይዘው ወደ ቀድሞው ወንዝ ወረዱ። ለስብሰባ ተመልሼ ስሄድ አንዲት እናት «ሥዕሉ ላይ ውሃው በዝቶ ነበር እኮ» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በማኪንሌይ ቋንቋ ብንናገር፣ የሁለቱ መስመሮች መበላለጥ በመረጃው ውስጥ የሌለ፣ ስኬሉ የፈጠረው ነገር ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ሁለት ቋሚ ዘንግ ያለው ግራፍ አልሠራም። ይህ ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ነው የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ፤ ይሁን።

የእኔ ስሕተት በየካቲት የደረቀ ቦኖ ነው። ከዚህ እጅግ የከፋም ደርሷል። ጥር 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኰራኵር ከተነሣች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተሰባብራ ሰባት ሰዎች ሞቱ። በዋዜማው የሮኬቱ መሐንዲሶች ብርዱ የጐማ ማሸጊያውን ያደክመዋል ብለው ሠግተው፣ በ13 ገጽ ሠንጠረዦችና ሥዕሎች አስረድተው፣ በረራው እንዲዘገይ ጠይቀዋል። አላሳመኑም። ኋላ አጣሪ ኮሚሽኑ እንዳሳየው፣ የታዩት ጉዳት የደረሰባቸው በረራዎች ብቻ ስለነበሩ ከሙቀቱ ጋር ግንኙነት ያላቸው አይመስሉም ነበር። ጉዳት ያልደረሰባቸውም ተጨምረው በአንድ ግራፍ ላይ ሲቀመጡ ግን፣ 19 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህልና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ከተደረጉት 20 በረራዎች ችግር የታየባቸው 3 ብቻ፣ ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን 4ቱም ነበሩ። የአሜሪካዊው ኤድዋርድ ታፍቲ ትችት መሐንዲሶቹን ስለ ግራፋቸው ክፉኛ ወቅሷል። ከመሐንዲሶቹ ወገንም፣ ያን ሌሊት በእጃችን ያልነበረ መረጃ እየተጠየቅን ነው የሚል መልስ ተሰጥቷል። በበኩሌ ለመሐንዲሶቹ አዝናለሁ፤ እውነቱን ያዩና የተናገሩ እነርሱ ናቸውና። ይሁን እንጂ እውነቱን ማየትና ማሳየት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ለመሆኑ በአገራችን በጎ ምሳሌ የለምን? አለ። ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ጎራ ያለ ሰው የክትባት መከታተያ ግራፍ በግድግዳ ላይ ያያል። ከግርጌ ጫፍ ተነሥቶ ወደ ላይኛው ጫፍ የሚወጣ አንድ ሰያፍ መስመር የዓመቱን ዕቅድ ያሳያል። ሠራተኛዋ በየወሩ የመጀመሪያውን ዙር የተከተቡ ሕፃናትን ቁጥር፣ ከዚያም ሦስተኛውን ዙር የጨረሱትን፣ በድምር እየጨመረች በእጅዋ ትሥላለች። መስመሯ ከሰያፉ በታች ከሆነ ከዕቅድ ወደ ኋላ ቀርታለች። በሁለቱ መስመሮች መካከል ያለው ክፍተት ደግሞ ጀምረው ያቋረጡት ሕፃናት ናቸው። ሁሉም በአንድ መለኪያ ላይ ነው፤ ቀለም አያስፈልገውም፤ ኮምፒዩተርም አያስፈልገውም። ከዚህ ግራፍ ፊት ስቆም፣ በየዓመቱ ሪፖርታችን ላይ እንደ ዳቦ ተቆርሶ፣ ወፍሮና አጋድሎ የሚቀርበው ባለ ብዙ ቀለም ፓይ ቻርት ያሳፍረኛል።

ቀለምን በሚመለከት አንድ ተግባራዊ ነገር ብቻ ልጨምር። ቀይና አረንጓዴ መለየት የማይችሉ ሰዎች፣ በተለይም ወንዶች፣ በየስብሰባው አሉ። እነርሱም ባይኖሩ ፎቶ ኮፒ አለ። ከማዕከል በቀለም የወጣው ሪፖርት ወረዳ ሲደርስ በጥቁርና ነጭ ተባዝቶ ነው፤ ያን ጊዜ «አደጋ» ያልነው ቀይና «ደኅና» ያልነው አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ።

ደግሞም ሁሉ ነገር ግራፍ ይሁን አልልም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት በዓላትንና አጽዋማትን ለማውጣት በቁጥርና በሠንጠረዥ ሲጠቀሙ ኖረዋል። ልክም ነበሩ፤ የሚፈለገው አንድ ቁርጥ ያለ ዕለት ነውና። የፓምፕ መለዋወጫ የሚያዝ ሰው ሠንጠረዥ ይሰጠው። ግራፍ የሚያስፈልገው «ወዴት እየሄደ ነው?» እና «የቱ ይበልጣል?» ለሚሉት ጥያቄዎች ነው።

ወደ ገረሴው ምንጭ ልመለስ። ግራፉን በቀን አማካይ አስተካክዬ፣ ከየካቲት አስጀምሬ፣ በዓምድ ፋንታ ነጥቦችን በመስመር አያይዤ፣ በሁለተኛው ስብሰባ አቀረብሁ። በዚህ ጊዜ ግን አስቀድሜ አልተናገርሁም። አዛውንቱን «አባቴ፣ ይህ ወረቀት ምን ይላል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ከዘራቸውን አንሥተው መስመሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉት። በሁለተኛው ጉብታ ላይ ሲደርሱ «አሁን ውሃው ተመለሰ» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ወደ መጀመሪያው ዝቅተኛ ነጥብ መለሱና፣ በዚህ ወር ለከብቶቹ የሚተርፍ ውሃ ይኖራል ወይ ብለው ጠየቁኝ። የከብቶቹን ፍላጎት በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር።

ከበሩ አጠገብ ሁለት ወረቀቶች ሰቅያለሁ። በሁለቱም ላይ ያለው መረጃ አንድ ነው፤ አንዱ የመጀመሪያው ባለ 13 ዓምድ ግራፍ፣ ሌላው የተስተካከለው ነው። ለሻይ ስትወጡ እያንዳንዳችሁ፣ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር ሳትመካከሩ፣ ምንጩ ከሁሉ ያነሰ ውሃ የሚሰጠው በየትኛው ወር እንደሆነና ከከፍተኛው ወር በስንት እጅ እንደሚያንስ ከሥሩ ባለው ቅጽ ላይ ጻፉልኝ። ስም መጻፍ አያስፈልግም።